መርዶ በቀጠሮ

«ክፉ ወሬ ይዞ ቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እራቱን ይብላ፤ ወሬው እንደሆነ አይሻግትም።» አባቴ ነበር እንዲህ የሚል። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ደግሞ «በል እንግዲህ ንገረኝ» የሚለው እንዳይመስላችሁ። «በል ጋደም በል፤ ጎህ ሲቀድ እንሰማዋለን» ይለውና መደቡን ያነጥፍለታል። የገዛ ወንድሙን ሞት የሰማው፣ ወሬውን ያመጣው ሰው እኛ ቤት ሁለት ሌሊት አድሮ፣ የታመመች በግ አብሮት አክሞ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው።

እናንተ የከተማ ሰዎች ትስቁ ይሆናል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችሁ ክፉ ወሬ ሰምቶ በዚያው ደቂቃ ለባለቤቱ ሮጦ የነገረ ማነው? ደግ ወሬ ሲሆን ከማዶ ሆነን እንጣራለን። ክፉ ሲሆን ግን በጉያችን ይዘን እንዞራለን። በልቷል ወይ? ጾም ላይ ነው ወይ? ልጅ ሊድር ነው ወይ? ነገ ገበያ አለበት ወይ? ከዚህ በላይ ርኅራኄ የት አለ ብዬ ነበር የኖርኩት። አሁን ግን ርኅራኄያችንን ትንሽ እጠረጥረዋለሁ።

እኔ በመንዝ፣ ከዘመሮ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስ የምዘራ፣ በግ የማረባ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት የጀመረና አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። እንዲያውም «ቆመ» አይባልም፤ አባቴ ለእርሻ ፈልጎኝ «ለከርሞ ትቀጥላለህ» አለኝ፤ ያ ከርሞ እስካሁን አልመጣም። ብቻ በአገሬ ሰው ዘንድ የምታወቀው በገብሴም በትምህርቴም አይደለም። የእድራችን ዳኛ ነኝ። የእድር ዳኛ ደግሞ እኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪም ነው።

መርዶ መንገር ሥራ ነው ብላችሁ አትገምቱ ይሆናል። ሥራ ነው። ሰዓቱ አለ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ሳይወጣ። ከማን ጋር እንደሚኬድ አለ፤ ሥጋ ዘመድ ከፊት፣ ጎረቤት ከኋላ። አነጋገሩም አለ፤ ማንም ተነሥቶ «ሞተ» አይልም። «ታሟል» ይባላል መጀመሪያ። ቀጥሎ «ጠንቶበታል» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰውየው ራሱ ጨርሶ ይጮኸዋል፤ እኛ የምንጨምረው የለንም። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ጾም ሳላስፈታ፣ ሠርግ ሳላበላሽ፣ አራስ ሳላስደነግጥ። መምሬ እንኳ አንዴ በእድር ስብሰባ ላይ «እሱ ሲነግር ሞቱም ይለሰልሳል» ብለው አመስግነውኛል። እኔም አቀርቅሬ ደስ አለኝ። ሰው በምን በምን ነገር እንደሚኮራ አያችሁልኝ?

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ።

ማንደፍሮ የሚባል የክርስትና ልጅ ነበረኝ፤ የጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች የበኩር ልጅ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ወጣና ተምሮ ተምሮ የመርከብ መካኒክ ሆነ። የመንዝ ሰው መርከብ ላይ ምን ይሠራል? እኛ ደመና ከእግራችን በታች የሚተኛበት አገር ነው ያለነው፤ ብዙ ውሃ አየን ካልን ክረምት ወንዝ ሲሞላ ነው፣ ያውም ከዳር ቆመን። እትዬ ዘነበች ልጇ ባሕር ላይ እንደሚያድር የነገሯት ቀን «ሌሊት ሌሊትስ የት ያቆሙታል?» ብላ ጠይቃኝ፣ እኔም አላውቅ፣ «ዳር ላይ ያስሩታል» ብዬ አረጋጋኋት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ማንደፍሮ ለዕረፍት ሲመጣ ያገለገለ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። ባሕር መካከል ስልክ አይሠራም፤ ጽሑፍ ግን ከመርከቡ ይሄዳል አለኝ። ተቀምጦ ኢሜይል አወጣልኝ። አድራሻውን ራሱ ፈጠረው፤ የክርስትና ስሜን ከነ በጎቼ ብዛት አደረገው፣ እንዳይረሱት ብሎ። በጎቹ ከዚያ ወዲህ ቀንሰዋል፤ አድራሻው ግን እንዳለ ነው። እኛ መንደር ኔትወርክ የለም። ከቤተክርስቲያኑ ቅጽር በስተጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ግን አለ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና እትዬ ዘነበች ወደዚያ እንወጣለን። እሷ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ፊደል እየለቀምኩ አነብላታለሁ። ስጨርስ «እስቲ ከላይ ጀምረው» ትለኛለች። ምላሹንም ታስጽፈኛለች፤ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ብርድ እንዳይመታህ ጋቢህን ደርብ በለው።» እሱ በዚያ ወር የሚጽፍልን ከሙቀቱ የተነሣ የመርከቡ ብረት እንደ ምጣድ እጅ እንደሚያቃጥል ነበር። እሷ ግን ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሏት አታምንም። በዚህስ ማን ይፈርድባታል።

ስልኩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰዓትም ያሳየኝ ማንደፍሮ ነው። የማላውቃቸው ሰዎች ጫማ ግዛ፣ ቋንቋ ተማር እያሉ ይጽፉልኛል ብዬ ብነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ ሥራ ከበዛብዎ ሳይከፍቱት በጣትዎ ጫን ብለው ይያዙትና ይቺን ትንሽ ሰዓት ይንኳት» አለኝ። «መቼ ልመለስ ብላ ትጠይቅዎታለች። ቀን ይስጧት። ከፊትዎ ትጠፋለች፤ በቀጠሮዋ ቀን ራሷ ትመጣለች።» ሞከርኩት። የጫማውን ሰውዬ ለማክሰኞ ቀጠርኩት። ማክሰኞ ከች አለ። ለሐሙስ ቀጠርኩት። ሐሙስም ከች አለ፣ አንድም ቅሬታ የለው።

ወገኖቼ፣ ስንት ዓመት ከወረዳ ቢሮ በር ላይ «ነገ ተመለሱ» የተባልኩ ሰው ነኝ እኮ። የቀጠሮን ጣዕም የማውቀው ከተቀጣሪው በኩል ብቻ ነበር። ያን ቀን ቀጣሪ ሆንኩ። ይቺን ነገር ያበጀ ሰው፣ ፈረንጅም ይሁን ማንም፣ አያቱ መርዶ ነጋሪ መሆን አለበት አልኩ በልቤ። አሳድሮ መንገር እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ጥበብ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስልክ ውስጥም አለ።

ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው ነገሩ። ስግደቱ አብቅቶ ስንወጣ ጉልበቴ ከድቶኝ በቅጽሩ በኩል እያነከስኩ ሳልፍ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። መልእክቱ ከማንደፍሮ አይደለም፤ የማላውቀው ስም ነው። ርእሱ «ስለ ማንደፍሮ» ይላል። ከሥሩ የመጀመሪያዎቹ ቃላት ይታያሉ፤ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔን አያውቁኝም። ስለ ማንደፍሮ ከባድ ነገር ልነግርዎ ነው የምጽፈው…» እዚያ ላይ ስልኩ ቆርጦታል፤ ሦስት ነጥብ ብቻ።

እኔን የመርዶ አነጋገር ይጠፋኛል? ሃያ ዓመት በአፌ ያመላለስኩትን? ሰውየው እንግዳነቱን ከመግለጹ፣ ሰላምታ ከማስቀደሙ፣ «ከባድ ነገር» ከማለቱ ሙያውን የሚያውቅ መሆኑ ገባኝ። ቅጽሩን ተደግፌ «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመርኩና መሐሉ ጠፋኝ፤ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ጠፍቶኝ የማያውቅ ጸሎት።

ታዲያ ለምን አልከፈትከውም ትሉኛላችሁ። ሚስቴ ብርቄም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ቤት ገብቼ በጆሮዋ ብነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ክፈተውና እየው እንጂ» አለችኝ። አስረዳኋት። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ የሁሉም በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይፈታል። እትዬ ዘነበች ደግሞ አክፋይ ናት፤ ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ አትቀምስም። በዚህ ላይ መርዶ ይነገራል? «ለሷ አትንገራት፣ አንተ ግን እየው» አለች ብርቄ። ይህንንም አስረዳኋት። እኔ መዋሸት አልችልበትም። መርዶ የያዘ ሰው ፊቱ ይናገራል። ዘነበች ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ታገኘኛለች፤ «ከልጄ ወሬ አለ?» ብትለኝ ምን እላለሁ? ካልከፈትኩት ግን «ያነበብኩት ነገር የለም» ብል እውነት ነው፤ በሕማማት ሰሞን ከንፈሬን በውሸት አላረክስም። ብርቄ ወደ ምድጃዋ ዞረች። «ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ጠበቃ ነው የምትከራከረው» አለችና ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

ለብቻዬ የወሰንኩት እንዳይመስላችሁ። የዘነበችን ወንድም ወልደየስን ጠራሁት። ወልደየስ ቀልድ የማይተወው ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልዱን ዋጠው። ለመምሬም ነገርናቸው። ሦስታችንም ስልኩን ጉብታው ላይ አስቀምጠን ከበብነው፤ ሬሳ የከበብን ነው የምንመስለው። መምሬ በመጨረሻ «ይቆይ» አሉ። ወልደየስም «ይቆይ» አለ። እኔ ጫን አድርጌ ያዝኩት፤ ሰዓቷ መጣች። ቀን ስመርጥ ተቸገርኩ፤ ስልኩ የፈረንጅ ቀን እንጂ ሕማማትና ፋሲካ አያውቅም። በጣቴ ቆጥሬ ቆጥሬ የፋሲካን ማግስት፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሰጠኋት። መልእክቱ ከፊታችን ጠፋ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሦስታችንም ተነፈስን።

ዘነበች ቅዳሜ ሌሊቱን ቆማ አደረች፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ፊቷ ፈክቶ ነበር። ለማን እንደምትጸልይ አውቃለሁ። በቤተክርስቲያኑ ጓሮ ቆሜ እኔም ጸለይኩ፤ ግን ምን ብዬ? ያልከፈትኩትን ነገር ምን ብዬ ልለምንበት? «ያለው ነገር የሌለ ይሁን» ብዬ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ሲደርሰው እግዚአብሔርም ሰዓቷን ተጭኖ ያሳድረው ይሆን እያልኩ አስቤያለሁ፤ የኔ ሐሳብ ድፍረት ካልሆነ።

በፋሲካ ማግስት ጎህ ሲቀድ ጉብታው ላይ ወጣሁ። መልእክቱ በቀጠሮው መጣ። ቀጠሮውን ከሰጠን በኋላ ግን ሌላ ነገር መጥቶ ነበር፤ የማንደፍሮ ታናሽ እህት ሠርግ። አማቾቹ በፋሲካ ዕለት ልከው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ይሁን ብለው ቆርጠዋል። ጠላው ተጠንስሷል፤ በጉ ተለይቶ ታስሯል። ወልደየስን አማከርኩት። «ሴትዮዋ አንዲት ሴት ልጅ ነው ያለቻት» አለኝ። «ሠርጓን ለቅሶ ካደረግንባት፣ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ‹የኔ ሠርግ› ማለት ትፈራለች። የሞተው እንደሆነ ሞቷል፤ የት ይሄድብናል?» እውነት መሰለኝ። እኔም ለሠርጉ ማግስት ቀጠርኩት።

ሠርጉ ላይ አጃቢው ሲጨፍር እኔ ስልኬን በደረት ኪሴ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ዘነበች ጠላ ልትቀዳልኝ መጣችና ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ። «የሠርጉን ነገር ጽፈህለት ነበር አይደል? ምነው ዝም አለ?» ጽፌለት ነበር፣ ከሕማማት በፊት፣ ነገሩ ገና ሐሳብ ሳለ። «ያነበብኩት ነገር የለም» አልኳት። እውነት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አስቀያሚ እውነት ተናግሬ አላውቅም። እሷም «ባሕሩ መሐል ሆኖ ነው» ብላ ራሷን አጽናንታ ሄደች፤ ቀጥላም እጇን አንሥታ እልል አለች።

በሠርጉ ማግስት መልእክቱ መጣ። የሠርጉ መልስ ደግሞ ሐሙስ ነበር፤ ሙሽሮቹ ሊመጡ። ለዓርብ ቀጠርኩት። ይቺ የመጨረሻዋ ናት።

ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእድሩ ሰው ቅጽሩ ሥር ተሰበሰበ። አሥራ አምስት እንሆናለን። ብርዱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ አፍንጫችን ብቻ ውጭ ቀርቷል። ጉብታው ላይ ወጥቼ መልእክቱ መመለሱን አየሁ። ልከፍተው ስል ወልደየስ እጄን ያዘኝ። «እዚህ አትክፈተው። በሯ ላይ ስንደርስ ክፈተው። ከአሁኑ ከከፈትከው እኛን ነው መንገድ ላይ የምታስለቅሰን።» ይህም ልክ መሰለኝ። በዚህ ነገር ውስጥ ልክ ያልመሰለኝ ነገር የለም፤ ጉዱም ይኸው ነው።

ከአጥሯ ስንደርስ ቆምን። መነጽሬን አደረግሁ፤ በጣቴ ነካሁት፤ ተከፈተ። እኔ ደግሞ ፈጥኜ አላነብም። «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔን አያውቁኝም። ስለ ማንደፍሮ ከባድ ነገር ልነግርዎ ነው የምጽፈው» አልኩ። ስልኩ የቆረጠው ቃል ቀጥሎ ነበር። «ግን አይደንግጡ» ይላል።

ይህን እያነበብኩ ዘነበች በሩን ከፈተች፤ ጥጆቹን ልታስወጣ። አሥራ አምስት ሰው ጎህ ሲቀድ ተከናንቦ አጥሯ ላይ ቆሞ አየች። ምን ትጠይቅ? መንዝ ተወልዳ አድጋ ይህን የማታውቅ የለችም። ጨርቋን ከራሷ ጥላ መሬት ላይ ወደቀች። «ልጄን» አለች፤ ሌላ ቃል አልተከተላትም።

እኔ ግን አራተኛው መስመር ላይ ደርሼ ነበር። «አልሞተም» ብዬ ጮህኩ። «ዘነበች፣ አልሞተም፤ ታሟል።»

ከመሬት ቀና አለች። ከዚያ አነጋገሯ ረጋ አለ፤ ያ ነው ከሁሉ የከበደኝ። «ባሌ በዓለም ከተማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት የሞተ ጊዜም ‹ታሟል› ያልከኝ አንተ ነህ» አለችኝ። «እዚችው በር ላይ ቆመህ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ «ታሟል» የሚለውን ቃል ገድዬዋለሁ፤ ያን ዕለት ሕያው ሆኖ ቢያስፈልገኝ ከየት ላምጣው? በመስቀል ማልኩላት። ወልደየስ በእናታቸው አጥንት ማለላት። ሴቶቹ ለቅሶውን ሰምተው ከየቤቱ እየወጡ ደረታቸውን ይመታሉ፤ እኛ ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ አልሞተም» እያልን እንለምናለን። ለቅሶ ሊያስጀምር ሄዶ ለቅሶ ለማስቆም የለፋ እድር ከኛ በፊት የነበረ አይመስለኝም። በመጨረሻ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጽሑፉን ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት፤ እንደ እሑዱ። ማንደፍሮ መርከብ ላይ ሲሠራ ወድቆ ውስጡ ተጎድቷል። ጅቡቲ ሆስፒታል ተኝቷል። ስልኩ ባሕር ገብቶበታል፤ በቃሉ የያዘው አድራሻ የኔ ብቻ ነው። ጻፊው እዚያው ሆስፒታል የሚሠራ ያገር ልጅ ነው። የእናቱን ድምፅ መስማት ይፈልጋል ይላል። ቁጥር አለው፤ «ስልኬን ትራሱ ሥር ትቼለታለሁ፤ በፈለጋችሁበት ሰዓት ደውሉ» ይላል።

«እስቲ ከላይ ጀምረው» አለችኝ። ጀመርኩት። ሁለተኛው ላይ አመነችኝ። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ ተነሣች። «አንተ የማትረባ» አለችኝ፤ ያን ያህል ጣፋጭ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ወልደየስም ቀልዱ ተመለሰለት፤ «ያገሩን ሰው ሁሉ በባዶ ሆድ አስለቀስሽው፣ ቁርስ ታበይናለሽ» አላት። ሰዉ ሳቀ። ሁሉም እንባውን እየጠረገ ይስቃል።

ወደ ጉብታው አብረን ወጣን። ቀድማኝ ነው የምትሄድ። መንገድ ላይ የምትነግረውን እያሰናዳች ነበር። መጀመሪያ ትቆጣዋለች፤ የእህቱ ሠርግ ላይ ስላልተገኘ። ከዚያ ስለ ሙሽራው ትነግረዋለች፤ አጭር ነው፣ ግን ጨዋ ነው። ከዚያ ከሠርጉ ሥጋ ቋንጣ እንዳስቀረችለት። ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። እኔ መልእክቱ የተጻፈበትን ቀን ያየሁት ያኔ ነው፤ የሕማማት ሰኞ። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሃያ አምስት ቀን። አልነገርኳትም። ደወልኩ።

ሰውየው አነሣ። ማንነቴን ነገርኩት። ከዚያ ማንደፍሮ ካረፈ ዘጠኝ ቀን እንደሆነው ነገረኝ፤ እዚያ ካለ ቤተክርስቲያን ፍትሐቱ ተደርጎለት እንደተቀበረ። ዘጠኝ ቀን። ሠርጉ ላይ ስንጨፍር ልጁ መሬት ውስጥ ነበር።

ዘነበች ከድንጋይዋ ላይ ሆና «ስጠኝ፣ ስጠኝ» እያለች እጇን ትዘረጋለች። ስልኩን አልሰጠኋትም። ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩት። ምን እንዳልኳት መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ብቻ «ታሟል» አላልኩም፤ «ጠንቶበታል» አላልኩም። በሃያ ዓመት ውስጥ በአንድ ቃል የነገርኩት መርዶ ያ ብቻ ነው።

አሁን አርባው ወጥቷል። የእድሩን ዳኝነት ለወልደየስ አስረክቤያለሁ፤ ስልኩንም ለብርቄ ሰጥቻታለሁ፤ እሷ የመጣውን ሁሉ በመጣበት ሰዓት ትከፍታለች፣ የጫማውን ሰውዬ ሳይቀር። ዘነበች አልተቀየመችኝም። ትቀየመኝ ብዬ አንድ ሁለት ጊዜ ነገሩን አንሥቼባት ነበር፤ «አንተ ምን ታደርግ፣ በዓል ነበር» አለችኝ። እሑድ እሑድ እንደ ድሮው ከቅዳሴ በኋላ ጉብታው ላይ ትወጣለች። እኔም እወጣለሁ። የማነብላት የለኝም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ያልነገርኳት። ሰውየው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ያለኝ። ልነግራት ብዬ ስንት ጊዜ ጀመርኩ፤ ነገ፣ ከጾሙ በኋላ፣ ከአዝመራው በኋላ እያልኩ እስካሁን አለሁ። ማንበብ አትችልምና እዚህ እጽፈዋለሁ። የሚያነብላት ሰው ከተገኘ ግን አላስቆመውም። ያለኝ ይህ ነው፦

«እኔ አድራሻው ተሳስቶ ይሆናል ስለው እሱ እምቢ አለ። ‹አልተሳሳተም፤ የኛ አገር ሰው በሕማማት ክፉ ወሬ አይሰማም፣ በዓሉ ይለፍና ይደውላሉ› እያለ ስልኩን ከትራሱ ሥር እያወጣ ያይ ነበር።»